የጥናት ፖስተር ስትሠሩ የቱን ትመርጣላችሁ?

የጥናት ፖስተር ማለት ጥናታችሁን በአንድ ትልቅ ወረቀት አሳጥራችሁ ጉባኤ ላይ የምትሰቅሉት ነው። የመጀመሪያዬን የሠራሁት የመመረቂያ ጽሑፌን (ቴሲሴን) ቆርጬ በመለጠፍ ነው። መግቢያው እንዳለ፣ ዘዴው እንዳለ፣ አምስት ሠንጠረዥ፣ የዋቢ ዝርዝሩም ሳይቀር። የፊደሉ መጠን 16 ነበር። ከዚያ ካሳደግሁት አይገባማ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጎኑ ተገትሬ ቆምኩ። ሰው ይመጣል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ሸበቶ አባት መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ደስ ብሎኝ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «የኔ ልጅ፣ ሻይ የሚቀርበው በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ፖስተር ስሠራ ከርሜያለሁ። ቁም ወይስ አግድም፣ አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ፣ ወረቀት ወይስ ጨርቅ የሚል ጥያቄ በመጣ ቁጥር እኚያን አባት አስባለሁ። ሁለት ሜትር ርቀው እያለፉ ነው። ሻይ አምሯቸዋል። ቢበዛ አሥር ሰከንድ ቢሰጡኝ ነው። የቱ ምርጫ ያስቆማቸዋል? ከዚህ በታች የምመዝነው ሁሉ በእሳቸው ሚዛን ነው።

ቁም ወይስ አግድም

ይህን ብዙውን ጊዜ የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም። አዘጋጆቹ በላኩት መመሪያ ላይ አለ፤ እሱን ሳታነቡ ሥራ አትጀምሩ። በአውሮፓ ጉባኤዎች ኤ0 ቁም የተለመደ ነው፤ 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር። አሜሪካ ውስጥ አግድሙ ይበዛል፤ 48 በ36 ኢንች፣ ማለትም 122 በ91 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እኛ አገር ሁለቱም ያጋጥማል። አንዳንዴ ደግሞ መመሪያው «ፖስተር ይዛችሁ ኑ» ብሎ ያበቃል።

እንዲህ ሲሆን ደውላችሁ የቦርዱን ስፋት ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ቁሙን ያዙ። አንድ ሜትር ስፋት ባለው ቦርድ ላይ ቁም ኤ0 ይበቃል፤ አግድሙ ግን ግራና ቀኝ ተርፎ እንደ ጆሮ ይንጠለጠላል። የቁሙ ጉዳት የታችኛው ሲሶ ጉልበት አካባቢ መዋሉ ነው። እዚያ ዋና ውጤት አይቀመጥም። ምስጋናውን፣ ዋቢውንና ሎጎውን ወደዚያ አውርዱት፤ ለእሱ ብሎ ጎንበስ የሚል የለም።

ባለ አምዱ ወይስ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገሩ

ትልቁ ምርጫ ይሄ ነው።

ባለ አምዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ርዕስና ሎጎ፣ ከሥሩ ሦስት ወይም አራት አምድ፤ መግቢያ፣ ዓላማ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ። ጋዜጣ ይመስላል። ጥቅሙ፣ ማንም አማካሪ አይቆጣችሁም። ለፖስተሩ ነጥብ የሚሰጠው ዳኛም የሚፈልገውን ክፍል በለመደው ቦታ ያገኘዋል። ጉዳቱ ዋናው ነገር አራተኛው አምድ ግርጌ መደበቁ ነው። ሻይ ፈላጊው አባት እዚያ ድረስ አይመጡም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ማይክ ሞሪሰን የሚባል፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና የዶክትሬት ተማሪ፣ ይህን አሠራር የሚተች የካርቱን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀ። የፖስተሩን መሃል አጽዱትና ዋና ግኝታችሁን በተራ ቋንቋ፣ በግዙፍ ፊደል ጻፉበት አለ። በግራ በኩል ጠባብ አምድ ይኑር፤ እናንተ በሌላችሁበት ሰዓት ፖስተሩ ራሱን የሚያስረዳበት። በቀኝ በኩል ሌላ ጠባብ አምድ፤ ጠያቂ ሲመጣ እየጠቆማችሁ የምታስረዱበት ግራፍና ሠንጠረዥ። ሙሉ ጽሑፉን ለሚፈልግ ደግሞ በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ። ቪዲዮው በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ጋ ደረሰ። ተቃዋሚም አላጣም። ቦታ ያባክናል የሚሉ አሉ፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውን ውጤት እንደ ማስታወቂያ ያስጮኸዋል የሚሉም አሉ።

እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መልሴ እንደ አዳራሹ ይለያያል።

መቶና ሁለት መቶ ፖስተር የተሰቀለበት ትልቅ ጉባኤ ከሆነ የሞሪሰን ይሻላል። እዚያ ሰው አያነብም፤ ይንሸራሸራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ዓይኑ ውስጥ ካልገባ አልቆመም ማለት ነው። በተቃራኒው በዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ቀን ላይ ሃያ ፖስተር ብቻ ካለና ዳኞች የነጥብ ወረቀት ይዘው ከዞሩ፣ ባለ አምዱን ሥሩ። ወረቀቱ ላይ «ዓላማ ከ10፣ ዘዴ ከ15» ይላል። ዳኛው ዘዴውን ፈልጎ ካጣ ግኝታችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ነጥቡ ይቀንሳል። ይህን የተማርኩት በውድ ዋጋ ነው።

አንድ ግኝት የሌለው ጥናትም አለ። የቃለ መጠይቅ ጥናት፣ አዲስ የላቦራቶሪ ዘዴ፣ ገና ያላለቀ ሥራ። እነዚህን በግድ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመቅ ውሸት ያስጽፋል። ባለ አምዱ ለእነሱ ይራራል።

አሁን አሁን የምሠራው መሃል ላይ ያለውን ነው። ግኝቱን ርዕስ አደርገዋለሁ። አንድ ትልቅ ግራፍ ወይም ካርታ መሃል ይይዛል። ዙሪያውን አጫጭር ጽሑፍ። ጠቅላላው ከ400 ቃል ካለፈ መቀሱን አነሳለሁ። አማካሪዬ የለመዱት ክፍል ሁሉ ስላለ አይከፉም፤ አላፊ አግዳሚውም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ርዕሱ፦ ጉዳዩን ወይስ ግኝቱን

ምሳሌ ልውሰድ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 ደግሞ እኛ አገር ቀብሪ ደሀር ላይ ተያዘች (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከነባሮቹ የወባ ትንኞች የምትለየው ከተማ በመውደዷ ነው። በርሜልና ሮቶ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት የወባ ወረርሽኝ ሲነሳ፣ ተመራማሪዎች ወረርሽኙ ከዚህች ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል።

ይህን ፖስተር አድርጉ ብትባሉ፣ የለመድነው ርዕስ እንዲህ ይላል፦ «በድሬዳዋ ከተማ አስተዳደር የአኖፌለስ ስቴፈንሲ ስርጭትና ከወባ በሽታ ክስተት ጋር ያለው ተያያዥነት ጥናት»። ስህተት የለበትም። ለቴሲስ ሽፋን ይሆናል። ግን ጥናቱ ምን አገኘ? አይናገርም።

ሌላውን እዩት፦ «የድሬዳዋ የበጋ ወባ ከቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ከምትፈለፈል ትንኝ ጋር ተያያዘ»። ቤታቸው ሮቶ ያላቸው አባት ዞር ይላሉ። «የኛንም ይመለከታል እንዴ?» ይላሉ። ወሬው እዚያው ተጀመረ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። «ተያያዘ» እና «አመጣው» አንድ አይደሉም። ታማሚና ጤነኛ የሚያነጻጽር ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ዝምድናን ነው። ርዕሱን ለማድመቅ ብላችሁ «አመጣው» ካላችሁ፣ የመጀመሪያው የስታቲስቲክስ መምህር ሲደርስ ቀናችሁ ይበላሻል። ግኝቱን ርዕስ ማድረግ ከዚህ የቃል ጥንቃቄ ጋር አብሮ ይሂድ፤ ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ የድሮው ርዕስ ይሻላችኋል።

ምስሉም እንዲሁ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የትንኝ ፎቶ ሁሉም ዘንድ አለ። እናንተ በመስክ ያነሳችሁት የግቢ በርሜል ግን የእናንተ ብቻ ነው። የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ እንጂ እሱን ለጥፉ።

ሠንጠረዥ ወይስ ግራፍ? ግራፍ። ሠንጠረዡ ለጽሑፉ ይቆይ። ከኤስፒኤስኤስ (ከስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ) ላይ በስክሪንሾት የተነሳ ሠንጠረዥ ደግሞ ፖስተር ላይ ጨርሶ አይምጣ። ቀለሙን ስትመርጡ ቀይና አረንጓዴን አታፋጥጡ። አውሮፓዊ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴ መለየት ይቸግረዋል። ሰማያዊና ብርቱካናማ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

አማርኛ ወይስ እንግሊዝኛ

የጉባኤው ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ ጥያቄ የለውም። ጥያቄው የሚመጣው ጥናቱን ለሠራችሁበት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ለገበሬዎች ማሠልጠኛ መልሳችሁ ስትወስዱት ነው። ብዙዎቻችን ያንኑ የእንግሊዝኛ ፖስተር ይዘን ሄደን በአፍ እንተረጉማለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አዳራሹ በጨዋነት ያዳምጣል፤ ፖስተሩን ግን ማንም ጠጋ ብሎ አያይም።

ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ማስገባት የሚያምር ሐሳብ ይመስላል። ስትሠሩት ግን ቦታው ለሁለት ይከፈልና ሁለቱም የማይነበብ ይሆናል። ከሁለት አንዱ ይሻላል። ወይ ርዕሱና ዋና ግኝቱ በአማርኛ በትልቁ፣ ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ። ወይ ሁለት የተለያየ ፖስተር። ለወረዳው በሚሄደው ላይ የዘዴው ክፍል በሁለት መስመር ይለቅና «ምን እናድርግ» የሚለው ይስፋ።

አማርኛ ስትጽፉ ፊደላችን የራሱ ጠባይ እንዳለው አትርሱ። ጨ፣ ጩ፣ ጪ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ቅጥያዋ ትጠፋለች። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ 24 የሚበቃ ከሆነ ለአማርኛ ወደ 30 ከፍ አደርገዋለሁ። የዊንዶውሱ ኒያላ የሚባለው የፊደል ዓይነት ቀጠን ያለ ነው፤ ለመጽሐፍ ያምራል፣ ለፖስተር ይደክማል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ መስመሩ ወጥ ስለሆነ ከሩቅ ይነበባል፤ በነፃም ይገኛል። ፊደላችን በልማድ ዘመም ተደርጎ አይጻፍም። ኮምፒውተሩ በግድ ሲያዘምመው የወደቀ አጥር ይመስላል። ማጉላት ስትፈልጉ ደመቅ አድርጉት ወይም ቀለም ስጡት።

ዓመተ ምሕረቱንም ተጠንቀቁ። «2014» ብሎ ዝም ያለ ግራፍ አይቼ ግራ ተጋብቼ አውቃለሁ። በእኛ 2014 ማለት በፈረንጁ 2021 አጋማሹን አልፎ ተጀምሮ 2022 ላይ የሚያልቅ ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምትለዋን ግራፉ ራሱ ላይ ጻፏት።

በምን እንሥራው

ፓወርፖይንት። ብዙ አልፈላሰፍም። አማካሪያችሁ ከፍተው ማረም ይችላሉ፤ ይህ ብቻ ይበቃል። ስትጀምሩ የስላይዱን መጠን መጀመሪያ ኤ0 አድርጉ። በተለመደው ስላይድ ሠርታችሁ ኋላ ልታሳድጉት ብትሞክሩ ሁሉም ነገር ይዛባል። ፓወርፖይንት እስከ 56 ኢንች፣ ወደ 142 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይፈቅዳል፤ ኤ0 በደንብ ይገባል። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ በግማሽ መጠን ሠርታችሁ ሲታተም 200 በመቶ ይደረጋል።

ካንቫ የሚባለው የኢንተርኔት መንደፊያ ለዓይን የሚስብ ነገር ቶሎ ያወጣል። ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ዝግጁ ንድፎቹም የልደት ጥሪ ይመስላሉ። የሒሳብ ቀመር ለሚበዛበት ሥራ ላቴክን፣ ገጹን በኮድ እየጻፋችሁ የምታዘጋጁበትን ፕሮግራም፣ የሚያህል የለም። አማርኛ ካለበት ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ በሚባሉት ዓይነቶቹ ነው የሚሄደው። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሳጥን በሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ለመግፋት ስትታገሉ ግን እንዳትወቅሱኝ። ኢንክስኬፕ ነፃ ነው፤ ምስል ለመሣል ግሩም፣ ረጅም ጽሑፍ ለማስተካከል አድካሚ። እኔ ግራፉን በእሱ አጽድቼ ወደ ፓወርፖይንት አመጣዋለሁ።

ሎጎ ከድረ ገጽ ስታወርዱ አንድ ሒሳብ ሥሩ። 300 ፒክስል ስፋት ያለው ሎጎ 20 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሲታተም በአንድ ኢንች 38 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ቢያንስ 150፣ ቢቻል 300 ያስፈልገው ነበር። ውጤቱ የዩኒቨርሲቲያችሁ ዓርማ በሞዛይክ የተሠራ መምሰሉ ነው። ከሕዝብ ግንኙነት ቢሮው ዋናውን ፋይል ለምኑ።

ወረቀት፣ ባነር ወይስ ጨርቅ

እዚህ ላይ ገንዘብና ሻንጣ ይወስናሉ።

ፊደል እንደ ወረቀት ጠርቶ የሚወጣበት የለም። ረከስም ይላል። ጉዳቱ ዝናብ፣ እጥፋትና ያ ረጅም ቱቦ ነው። ቱቦ ይዞ አውሮፕላን የተሳፈረ ያውቀዋል። አንዳንዱ አየር መንገድ እንደ አንድ የእጅ ሻንጣ ይቆጥረዋል፤ ከላይ ያለው ሣጥን ውስጥም የሰው ቦርሳ ይጨፈልቀዋል።

ባነር በየማተሚያ ቤቱ አለ። ውሃ አይፈራም፤ ለሌላ ጊዜም ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቹ የባነር ማሽኖች የሚያትሙት ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ማስታወቂያ ነው። ትንንሽ ፊደል ላይ ይፈዛሉ። ባነር ከመረጣችሁ መጀመሪያ አንድ ጥግ ብቻ ለናሙና አሳትሙ። ሽታውም አለ፤ በዋዜማው ምሽት አውጥታችሁ አናፍሱት።

ጨርቅ ታጥፎ ከሸሚዝ ጋር ሻንጣ ይገባል። ወደ ውጭ ለሚበር ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሚያትመውንም ማፈላለግ ይጠይቃል። ሲሰቀል መሃሉ እንዳይረግብ ከአራቱ ማዕዘን ሌላ የላይኛው ጠርዝ መሃል ላይም ፒን ይጨመርለት።

ስክሪን ላይ የሚቀርብ ኢ-ፖስተር ከሆነ ሁሉንም እርሱትና በ16 ለ9 አግድም እንደ አዲስ ሥሩ። ቁሙን ኤ0 55 ኢንች ስክሪን ላይ ብትጭኑት፣ የስክሪኑ ቁመት 68 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ወዳለ መጠን ይጨመቃል። 24 የነበረው ፊደል 14 ይሆናል። ወደ እኔ የመጀመሪያ ፖስተር ተመለሳችሁ ማለት ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፒዲኤፍ ይሁን። አንድ ጊዜ የፓወርፖይንቱን ፋይል እንዳለ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ የእኔ ፊደል አልነበረውም። የማተሚያ ቤቱ ልጅም አማርኛውን አላየውም፤ እኔም ቸኩያለሁ። ማታ ቤት ፈትቼ ሳየው ርዕሱ ከዳር እስከ ዳር ሳጥን ሳጥን ነው። ጉባኤው በማግስቱ ጠዋት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅምበት ጊዜም አልነበረኝም። በነጭ ወረቀት ላይ ርዕሱን በማርከር ጽፌ ከላዩ ለጠፍኩበት።

ከማሳተማችሁ በፊት ፖስተሩን ኤ4 ላይ አትሙት። ኤ0 ወደ ኤ4 ሲወርድ ርዝመቱም ስፋቱም ሩብ ይሆናል፤ 24 የነበረው ፊደል 6 ይመጣል። ያለ ጭንቀት ካነበባችሁት ትልቁም ይነበባል። መነጽር ካስፈለገ ጽሑፉን ቀንሱ፣ ፊደሉን አሳድጉ። ያቺን ኤ4 ለአንድ የሌላ ሙያ ጓደኛ ስጡና ዋናው ነገር ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁት።

ኪውአር ኮድ ወይስ የሚታደል ወረቀት

ሁለቱንም። ኮዱ ስፋቱ ስልኩ ከሚቆምበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከአንድ ሜትር ለሚያነሳ 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አሳትማችሁ ስታበቁ በራሳችሁ ስልክ ሞክሩት። የአዳራሹ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ያቺው የኤ4 ቅጂ ናት የምታወጣችሁ። ሃያ ያህል አባዙና በፖስታ ከቦርዱ ጎን አንጠልጥሏት።

የፒን ነገርም አለ። አዘጋጆቹ እናቀርባለን ይላሉ፤ ደግሞም ያልቅባቸዋል። የራሳችሁን ያዙ።

ቦታ ምረጡ ከተባላችሁስ? ብዙ ሰው በሩ አጠገብ ያለውን ይሻማል፤ ሰው ይበዛበታል ብሎ። አዎ ይበዛል፣ ግን ሁሉም መንገደኛ ነው። እኔ የምይዘው ከሻይ ጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ላይ ያለውን ነው። ትኩስ ሻይ የያዘ ሰው እስኪበርድለት ሩቅ አይሄድም፤ እስከዚያ ደግሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይፈልጋል።